ጀግናው ከደም ሥር ወደ ሐይቁ ዳር

(በሐዋሳ ከተማ፣ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ለመምህራን፣ ለወላጆች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለወጣት ሠዓሊያን የቀረበ ዲስኩር)



ልጠይቃችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ስለሆነ መግቢያ አላበዛም። ሰውነት ውስጥ ሆኖ በሽታን የሚዋጋ የካርቱን ጀግና እዚህ ሐዋሳ ይሠራልን። ጠላቱም ከሩቅ አገር የመጣ ስም የለሽ ጭራቅ አይሁን፤ ከሐይቃችን ተነስቶ በልጆቻችን ቆዳ የሚገባው የቢልሃርዝያ ትል ይሁን። ለምን እሱን እንደመረጥኩና ታሪኩ ከውጭ ከመጡት ካርቱኖች በምን መለየት እንዳለበት ላስረዳችሁ።

ሰውነታችን ውስጥ ተዋጊ አለ የሚለውን ሐሳብ ሠዓሊ አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. በ1882 ሩሲያዊው የእንስሳት ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ በጣልያን፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ባለችው በመሲና ከተማ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሰለጠኑ ዝንጀሮዎች ትርዒት ለማየት ሰርከስ ሄደ። እሱ ግን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነበር። የእጩ ሰውነት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሴሎች በሕይወት እንዳሉ ይታያሉ። ታዲያ እነዚህ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ሴሎች ሰውነትን ከወራሪ የሚጠብቁ ቢሆኑስ የሚል ሐሳብ ድንገት መጣለት። ወደ ጓሮው ወጣ፤ የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ከእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሄዶ ሲያይ ሴሎቹ እሾሁን ከበውት አገኛቸው። ለዚህና ከዚህ ተነስቶ ለሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

ሠዓሊዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈረንሳዊው አልቤር ባሪዬ የሰው አካልን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስጎበኝ፣ 26 ክፍል ያለው የካርቱን ተከታታይ ሠራ። ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅንን በጀርባቸው አዝለው ሲሮጡ የሚታዩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካኖች ኦስሞሲስ ጆንስ የተባለውን ፊልም አወጡ። በዚህ ፊልም ውስጥ ነጭ የደም ሴል ፖሊስ ነው፤ የጉንፋን ክኒን አጋሩ ሆኖ አብሮት ይሰማራል፤ ቫይረሱ ወንበዴ ነው፤ ፍራንክ የሚባለው ሰውዬ ደግሞ ራሱ ከተማው ነው። ከዚያ ጃፓናዊቷ አካኔ ሺሚዙ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው የሥዕል ታሪክ በ2018 አኒሜሽን ሆኖ ቀረበ። ዋና ባለታሪኳ ኦክስጅን የምታደርስ፣ መንገድ የሚጠፋባት ቀይ የደም ሴል ናት፤ ፕሌትሌቶቹ ደግሞ ተሰልፈው ቁስል የሚደፍኑ ትንንሽ ሕፃናት ናቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የጃፓኑን ነው። ጦረኛውን ብቻ ሳይሆን ዕቃ አድራሹን፣ ጠጋኙን፣ ተራውን ሠራተኛ ሁሉ ያከብራልና።

ከአሜሪካኑ ፊልም ግን አንድ ነገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ወንበዴው ቫይረስ ወደ ፍራንክ ሰውነት የገባው በምን ነበር? ፍራንክ መሬት ላይ የወደቀ እንቁላል አንስቶ በመብላቱ ነው። ሰውነቱ ውስጥ የሚካሄደው ያ ሁሉ ሩጫና ተኩስ ከሰውነቱ ውጭ በተፈጸመች አንዲት ድርጊት የመጣ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኢትዘንሀውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የአሻንጉሊት ፕሮግራማቸው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ጸሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች ከካልሲ የተሰፉ ነበሩ። እዚህ ካላችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ፊደልም፣ እጅ መታጠብም ከእሷ ጋር የተማራችሁ ይመስለኛል። ብሩክታዊት ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። በኋላም «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን አኒሜሽን አመጣች። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን ነውር የሚያደርግ ልማድን ይጋፈጡበታል። ይህን የማነሳው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ልጅ ጥበብ የለበሰች የራሱን ጀግና ሲያገኝ እንደሚቀበላት ከእንግዲህ መከራከር አያስፈልገንም፤ ተሠርቶ ታይቷል። የእነዚህ ሥራዎች መድረክ በአብዛኛው ቤት፣ መንደርና ትምህርት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ቀጣዩ መድረክ የሰውነታችን ውስጥ፣ በሩም ቆዳችን ይሁን እላለሁ።

አሁን ወደ ትሉ እንሂድ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ፍጥረት ማንም የፊልም ጸሐፊ ተጨንቆ ከሚፈጥረው ባለጋራ የበለጠ ነው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው መረብ ይጎትታሉ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ በሣሩ መሃል ከተለጠፉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች በዓይን የማይለዩ እጮች መውጣት ይጀምራሉ። ርዝመታቸው የሚሊ ሜትር ግማሽ ያህል ነው፤ ጅራታቸው ሹካ መሳይ ነው። ሰው ካላገኙ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆዩም። የልጁን እግር ካገኙ ግን ቆዳውን እያሟሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ጅራታቸውን ውጭ ጥለውት ነው የሚገቡት። አንዳንዱን ልጅ ያሳክከዋል፤ ብዙው ግን አንዳች አይሰማውም፤ መረቡን መጎተቱን ይቀጥላል።

ውስጥ የገባው እጭ በደም ተጉዞ በሳንባ አልፎ ጉበት ይደርሳል። እዚያ ያድጋል፤ በሳምንታት ውስጥ ለአቅመ መራባት ይበቃል። ወንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውነቱን እንደ ቦይ አጥፎ ቀጭኗን ሴት በውስጡ ይይዛታል። ጥንድ ሆነው በትልቁ አንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ለዓመታት።

ለዓመታት ስል ጥያቄ ሊነሳባችሁ ይገባል። የሜችኒኮፍ ሴሎች አንዲት እሾህ በአንድ ሌሊት ከከበቡ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ትል በደም መሃል ለዓመታት ሲኖር ነጭ የደም ሴሎች ምን ይሠራሉ? መልሱ እንዲህ ነው። ትሉ የሰውየውን የራሱን ሞለኪውሎች ከደሙ እየወሰደ ገላው ላይ ይለብሳቸዋል። ጠባቂዎቹ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ የሚያዩት ግን የቤተሰባቸውን ልብስ ነው። ወጣት ሠዓሊያን፣ ይህን ትዕይንት አስቡልኝ። የልጁን ቆዳ ቀለም፣ የልጁን ምልክት የለበሰ ባዕድ በአደባባይ ተቀምጦ ማንም አይነካውም።

ግን ከዚህም የሚብሰው ገና ነው። በሽታውን በዋናነት የሚያመጣው ትሉ ራሱ አይደለም። ሴቷ በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ እያንዳንዱ በጎኑ እሾህ አለው። ግማሽ ያህሉ የአንጀትን ግድግዳ ሰንጥቆ በሰገራ ይወጣል። የቀረው በደም እየተገፋ ጉበት ላይ ይቀረቀራል። እንቁላሉ ደግሞ እንደ ወላጆቹ የተደበቀ አይደለም፤ ከውስጡ የሚያመነጨው ነገር ነጭ የደም ሴሎችን ከየአቅጣጫው ይጠራል። ይመጣሉ፤ ይከቡታል፤ ያጥሩታል። በልጁ ጉበት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ አጥሮች ይሠራሉ። አጥሩ ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሆናል፤ ጉበቱ ይደድራል፤ ደም ማለፊያ ያጣል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል። ከዓመታት በኋላ የጉሮሮ ቧንቧ ግርጌ ላይ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶ ሰው ደም ሊያስመልስና ሊሞት ይችላል። ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ደግሞ ዝም ያለ ነው፤ ልጁ ደሙ ያንሳል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ከእኩዮቹ ያንሳል። ሰነፍ ይባላል።

እንግዲህ የፖሊስና የወንበዴ ታሪክ እዚህ ላይ ይሰበራል። ጀግናችን በርትታ በተዋጋች ቁጥር የምትጠብቀውን ቤት ታፈርሳለች። ይህን ለልጅ መንገር ይከብዳል የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ልጆች በጎ አስቦ የሚያጠፋ ሰው አይተው ያውቃሉ፤ ይህን ለመረዳት ከእኛ አያንሱም። ከእነሱ የምንደብቀው ነገር ካለ፣ የምንደብቀው የታሪኩን ልብ ነው።

ስለ ጀግናዋ ማንነት የራሴ ምርጫ አለኝ። ነጭ የደም ሴሎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ኢዮሲኖፊል የሚባሉት በተለይ ትል ላይ የሚሰማሩ ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀለም ሲነካቸው ውስጣቸው ያሉት ፍሬዎች ብርቱካናማ ሮዝ ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሮዝ ፍሬዎች የተሞላች፣ ትንሽ ቁጡ፣ ለቤቷ የምትሞት አንዲት ሴል። ስም እኔ አላወጣላትም። በሲዳምኛ የሚያስቡና የሚጫወቱ የሐይቅ ዳር ልጆች ያውጡላት፤ መጀመሪያ በሲዳምኛ ትናገር፤ ከዚያ በአማርኛ፣ በወላይትኛ ትቀጥል።

ለዚች ጀግና የሚመጣላት አጋር ክኒን ነው፤ ስሙ ፕራዚኳንትል። በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ተማሪዎችን በየጊዜው የማከሙ ብሔራዊ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ መምህራን፣ እናንተ ይህን ሥራ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ልጁ መስመር የተሰመረበት ዘንግ አጠገብ ይቆማል፤ ጭንቅላቱ የደረሰበት መስመር ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ይናገራል። ክኒኑ ትልቅ ነው፤ መራራ ነው። በተለይ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል። ልጁ ወጥቶ በር ላይ ቢያስመልስና እናቱ ብታይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት ብታስቀር ልፈርድባት አልችልም። ማን አስረዳት?

አሁን ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ስሙ። የትሉ ጡንቻ ይኮማተራል፤ የገላው ሽፋን ይሰነጣጠቃል። ያ የተዋሰው ልብስ ይቀደዳል። ያን ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ለዓመታት በአጠገቡ ያለፉትን ባዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል፤ ሥራውንም የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ብቻውን አያሸንፍም፤ ሴሎቹም ብቻቸውን አላሸነፉም። ኦስሞሲስ ጆንስን የጻፉት ሰዎች ሴልንና ክኒንን ያጣመሩት ለሳቅ ነበር፤ በእኛ በሽታ ግን ሳይንሱ ራሱ እንዲህ ነው። ልጁ ይህን አይቶ የሆድ ቁርጠቱ ከየት እንደመጣ ካወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዘንጉ ሥር ራሱ ሄዶ የሚቆም ይመስለኛል።

ነገር ግን ፊልሙ እዚህ ላይ ካለቀ ልጁን አታለነዋል። ፕራዚኳንትል ገና ያላደጉትን ትሎች በደንብ አይገድልም፤ ልጁም ነገ ጠዋት መረብ ሊጎትት ይመለሳል። በሰገራው የወጣው እንቁላል ውኃ ካገኘ ይፈለፈላል፤ ከእሱ የወጣው ዋናተኛ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፤ አንዱ ገብቶ በሺህ ሆኖ ይወጣል። ሐይቃችን ደግሞ የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበት እንጂ ወንዝ የማይወጣበት ሐይቅ ነው። ከተማው፣ ዝናቡ፣ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ወደ እሱ የሚልኩት ነገር ወዴትም አይሄድም። የፍራንክን እንቁላል አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ከሰውነት ውጭ ነው። ጀግናችን አሸንፋ ጨርሳ፣ በማግስቱ በዚያው እግር አዲስ እጭ ሲገባ ብታይ፣ መውጣት አለባት። ከቆዳው ወጥታ ሐይቁ ዳር መቆም አለባት።

ሐይቁ ዳር ከእሷ በፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን ሲያጠና አድዋ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋለ። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ያሉት ግን ደህና ናቸው። ሺህ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል፤ እሱ ግን ቆሞ ጠየቀ። እንዶድ ውስጥ ያለው አረፋ የሚሠራው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጠ። ዓለም አቀፍ እውቅናው ግን ፈጥኖ አልመጣም፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ የምርምር ኢንስቲትዩት አለ።

እንዶድ ሐይቃችን ላይ ይበተን እያልኩ አይደለም፤ እንዶድ ለዓሣም አደገኛ ነው፤ እዚህ ስንት ቤተሰብ በዓሣ ይኖራል። እያልኩ ያለሁት ልጆቻችን ልብስ ከሚያጥቡት እናቶቻቸው አጠገብ ቆሞ ያስተዋለውን ሰው በካርቱን ይወቁት ነው። እነዚያ ሴቶችም ይታዩ፤ ስማቸው አልተጻፈም እንጂ ግኝቱ የተጀመረው በእጃቸው ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ፊልሙ «ሐይቅ አትግቡ» የሚል ትእዛዝ እንዳይሆን። አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ልጅ ከውኃው የሚርቅበት መንገድ የለውም፤ እንጀራው ነው። ይህን ልጅ ጥፋተኛ አድርጎ የሚስል ፊልም ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል። ልጁ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች ስጡት። ውኃው ዳር አለመጸዳዳት፣ ታናሹንም መጸዳጃ ቤት መውሰድ። ለመታጠቢያ የተቀዳን የሐይቅ ውኃ ማፍላት ወይም ሁለት ቀን ማስቀመጥ፤ እጮቹ ከዚያ በላይ አይኖሩም። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ አለመደበቅ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መናገር። ጀግናዋ ወደ ልጁ የምትልካቸው ቃላት የሏትም፤ ያላት ማሳከክ፣ ድካምና ያ ደም ነው። ልጁ እነዚያን ማንበብ ሲማር ሁለቱ ተገናኙ ማለት ነው። የፊልሙ ትልቁ ጊዜ ለእኔ ይህ ነው፤ ከውጊያው ሁሉ ይበልጥብኛል። የቀረውን፣ የመጸዳጃ ቤቱንና የንጹሕ ውኃውን፣ ልጁ ላይ አንጣል። እሱ የከተማው፣ የእኛ የአዋቂዎቹ ድርሻ ስለሆነ ፊልሙ ውስጥ አዋቂዎችም ሲጠየቁ ይታዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ የቢልሃርዝያ መከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ250 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል። አብዛኛዎቹ አፍሪካውያን ናቸው። ጉንፋን ጀግና ተሠርቶለታል፤ ይህ በሽታ ግን የሚያጠቃው ፊልም የሚሠሩትን አገሮች ስላልሆነ ማንም አይሠራልንም። እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ማይክሮስኮፕ ያላቸው ላቦራቶሪዎች አሉ፤ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ቢልሃርዝያን ደጋግመው ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሠዓሊያን፣ መሣል ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ እዩት። እሾሁን ከፎቶ ገልብጦ መሣልና በዓይን አይቶ መሣል አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ንድፍ ለእኛ አታሳዩን፤ አሞራ ገደል ላሉት ልጆች አሳዩአቸው፤ የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ዓይናቸውን እንደሚያነሱ ተመልከቱ።

ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ይበቃል። የሚታይበትንም ጊዜ እነግራችኋለሁ፤ ክኒኑ በሚታደልበት ጠዋት፣ ልጆቹ ቁርስ ከበሉ በኋላ፣ ወደ ዘንጉ ከመሰለፋቸው በፊት። ስለዚህ የእደላው ቀን ሲወሰን የሐይቅ ዳር ትምህርት ቤቶች መምህራን ለእነዚህ ወጣቶች ቀድማችሁ አሳውቋቸው፤ እናቶችም ያን ጠዋት ተጠርተው ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይዩ።

አሁን ጥያቄና አስተያየት እቀበላለሁ፤ ክኒኑን በእጃችሁ ያደላችሁ መምህራን ብትጀምሩልን ደስ ይለኛል።